ካርዱ ላይ «ምን ደረሰባት?» የሚል መስመር ይኑር

ለክልላችን ጤና ቢሮ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላላችሁ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ካርድ ለምትጽፉ ሐኪሞችና ነርሶች

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ።

ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የጤና መረጃ ቴክኒሽያን ይለኛል። እናንተ የጻፋችሁትን የበሽታ ስም እያነበብኩ ኮድ እሰጣለሁ፣ መዝገቡን እደምራለሁ፣ ወር ሲያልቅ ቁጥሩን ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና ሪፖርት ማስገቢያ ሥርዓት ላይ አስገባለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ። የብዙዎቻችሁን የእጅ ጽሑፍ ከፊታችሁ ይልቅ አውቀዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የበሽታ ስም ነው። አድጀስትመንት ዲስኦርደር ትሉታላችሁ። በአማርኛ የመላመድ መታወክ የሚሉት አሉ። የሕክምና ሰው ላልሆነ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ሰው አንድ ከባድ ነገር ይደርስበታል። ከሥራ ይባረራል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ከቀዬው ይፈናቀላል፣ ፈተና ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ከዚያ ነገር አልላቀቅ ይለዋል። እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ እህል አይወርድለትም፣ ሥራው ወይም ትምህርቱ ይበላሻል። አላበደም። አልሰነፈም። የደረሰበት ነገር ከበደው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይሻለዋል።

እኔ በማገላብጠው መዝገብ ላይ ይህን ስም የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሰዎቹ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ከመስኮቴ ፊት ተሰልፈው አያቸዋለሁ። «ልቤን ይመታኛል» ይላሉ። «ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ያዞረኛል» ይላሉ። ካርዳቸው ወደ እኔ ሲመለስ ጨጓራ ሆኖ፣ ታይፎይድ ሆኖ፣ ራስ ምታት ሆኖ፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል ድባቴ ተብሎ ነው።

የእህቴን ልጅ ታሪክ ፈቃዷን ጠይቄ ልንገራችሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠበት ዓመት ነው። ውጤቱ ጥር 2015 ወጣ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እሷ ከቀሩት ጋር ቀረች። እስከዚያች ቀን ድረስ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» እያለ ነበር የሚጠራት።

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምትጋግረው። ልጅቷ ትኩስ እንጀራ በበርበሬ ስለምትወድ የመጀመሪያዋ እንጀራ የእሷ ናት። በዚያ ሰሞን ከምጣድ አውጥታ ትሰጣታለች፣ ልጅቷ ጠቅልላ ትይዘዋለች። ሌላው ተጋግሮ ሲያልቅ፣ ምጣዱ ሲወለወል፣ እንጀራው እጇ ላይ እንደተጠቀለለ ነው። ቀዝቅዟል። ስልኳን በሌላው እጇ ይዛ ያንኑ የውጤት ገጽ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሌሊትም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ እንዲሁ። እኔ እዚያ ቤት ባደርኩባቸው ቀናት ከብርድ ልብሱ ስር ብርሃኑ ሲበራና ሲጠፋ አይቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ጨጓራ ነው ተባለ። ሁለተኛው ታይፎይድ አለ። ከዚያ 2 ሳምንት ጸበል ገባች። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም የምሄድበት ነው፤ ሲያጠምቋት እንባዋ መጣላት። በመጨረሻ አንድ የሕክምና ተቋም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደረስን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ሊሆን ይችል ነበርና። ካርዷ ላይ የተጻፈው ይሄ ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ድባቴ። ከሥሩ የመድኃኒት ስም። ከዚያ ፊርማ። በቃ።

ፈተና የሚል ቃል የለበትም። ጥር የሚል የለበትም። መቼ እንደጀመራት አይልም። ከዚያ በፊት እንዴት ነበረች አይልም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ድባቴ አልነበረባትም ብዬ አልከራከርም። እንደማውቀው ድባቴ ለመባል ምልክቶቹ ቢያንስ 2 ሳምንት መቆየት አለባቸው፣ ብዛታቸውም የተወሰነ ነው። ያንን ካሟላች፣ የደረሰባት ነገር ቢኖርም ባይኖርም፣ ስሙ ድባቴ ነው። የመላመድ መታወክ የሚባለው ሌላው ስም ሳይገጥም ሲቀር ነው። እሺ። ግን ያ ካርድ ይህንን ለመለየት የሚያስችል አንድም ነገር አልያዘም። ያየቻት ሐኪም በአእምሮዋ ለይታ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ሌላ ሐኪም ነበር። ያቺን አንድ ቃል አነበበ፣ «አልተሻለሽም?» አላት፣ አልተሻለኝም አለች፣ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረላት። ምን እንደደረሰባት አልጠየቃትም። ካርዱ ላይ የለማ! ካርዱ ላይ ያለው በሽታ ነው፣ የሌለው ታሪኩ ነው።

ኋላ ሪሚዲያል ደረሳት። ልብሷን በሻንጣ ስታስገባ ያየ ያቺው ልጅ ናት አይልም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ካርዷ ሲከፈት ግን መጀመሪያ የሚነበበው ያው ቃል ነው። ዓይኗ ቀልቶ ብትሄድ እንኳ «መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?» ትባላለች።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ።

ኮድ የሚሰጥ ሰው የሚያነበው የተጻፈውን ብቻ ነው። መገመት አይፈቀድልኝም። የእህቴ ልጅ ስለሆነች ምን እንደደረሰባት አውቃለሁ፤ የእኔ ማወቅ ግን ኮድ አይሆንም። «ድባቴ» ካላችሁ የድባቴን እሰጣለሁ። «ጨጓራ» ካላችሁ የጨጓራን። ወሩ ሲያልቅ ቢሮ የሚደርሰው ይህ ነው። ቁጥሩ ጨጓራ ካለ የሚገዛው የጨጓራ መድኃኒት ነው። ለከበደው ሰው የሚያወያየው ሰው ይመደብልን ብሎ የሚጠይቅ ቁጥር ከየት ይምጣ?

የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባል አሠራር አለው። 5 ጊዜ በመገናኘት የሚያልቅ ነው። ሥልጠና ከወሰደና ክትትል ከተደረገለት ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሊሰጠው ይችላል። ያው ድርጅት ለሐዘንና ለድንገተኛ ጭንቀት ብላችሁ ዳያዜፓምን የመሳሰለ ማረጋጊያ አትስጡ ብሎ በመመሪያው ላይ ጽፏል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ግን 5 ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያወያይ ሰው እንዲቀጠር መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ሰው መቆጠር አለበት።

ኮዱ አለ። አይሲዲ 10 በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር ላይ ኤፍ 43.2 ነው። የደረሰው ነገር ደግሞ ከጎኑ የራሱ ኮድ አለው። ፈተና መውደቅ ዜድ 55.2 ነው። አዎ፣ ፈተና መውደቅ ኮድ አለው! የቤተሰብ ሰው መሞት ወይም የገባበት መጥፋት ዜድ 63.4። ጦርነትና አደጋ ያየ ሰው ዜድ 65.5። በእነዚህ ዓመታት ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የመጨረሻውን ኮድ ስንት ጊዜ መጻፍ ነበረብን? የጻፍኩት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ካርዱ ላይ የጻፈልኝ የለምና።

ኮዱን ስልካቸው ላይ ፈልገው ለሚጽፉልኝ ወጣት ሐኪሞች አንድ ነገር ላስታውስ። ጎግል ላይ ቶሎ የሚመጣው አሜሪካኖቹ አይሲዲ 10ን ለራሳቸው አሻሽለው የሚጠቀሙበት ዝርዝር ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ይለያያል። ኤፍ 43.21 በአሜሪካኖቹ ዝርዝር የመላመድ መታወክ ከተከፋ ስሜት ጋር ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅቱ ዝርዝር ግን ረዘም ያለ የመከፋት ሁኔታ ማለት ነው፤ እስከ 2 ዓመት የሚቆይ። የ1 ወር ሕመምተኛን የ2 ዓመት አደረጋችሁት ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ዝርዝር፣ አይሲዲ 11፣ እነዚህን ንዑስ ክፍሎች ሁሉ አንስቶ 6ቢ43 በሚል በአንድ ስም አስቀምጦታል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉልኝ። ስሙን በቃል ጻፉት፤ ቁጥሩን እኔ አገኘዋለሁ።

ከኮዱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ቀኑ ነው። ይህ በሽታ ሙሉ በሙሉ በቀን ላይ የተመሠረተ ነው። በአይሲዲው ነገሩ በደረሰ በ1 ወር ውስጥ መጀመር አለበት፤ በአሜሪካኖቹ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ3 ወር ውስጥ። ሁለቱም፣ ነገሩና መዘዙ ካበቃ በኋላ ከ6 ወር በላይ አይቆይም ይላሉ (በአይሲዲ 10 ያ ረዘም ያለው የመከፋት ሁኔታ ሲቀር)። እንግዲህ ቀን ካልተጻፈ ይህን በሽታ ማንም መመርመር አይችልም ማለት ነው። የእኛ ካርድ ላይ ደግሞ ቀን ተጽፎም አይታወቅም። ባለፈው አንድ ካርድ ላይ «5/6/15» የሚል አየሁ። የካቲት 5 ነው? ወይስ በፈረንጆቹ ሰኔ 5? ያ በፈረንጆቹ ከሆነ ዓመቱ በእኛ 2007 ይሆናል። ካርድ ተቀባይዋ በእኛ ትጽፋለች፣ ሐኪሙ በትምህርት ቤት በለመደው በፈረንጆቹ ይጽፋል፣ ሁለቱም ያው ወረቀት ላይ ናቸው። እባካችሁ የወሩን ስም በፊደል ጻፉት። «የካቲት 5» ለመጻፍ የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው።

6 ወር ስል ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ለሟች ሰልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ መንፈቅ አለን፣ ሙት ዓመት አለን። መንፈቁ 6 ወር ነው። አያቶቻችን ለሐዘን ቀን ቆርጠውለታል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ስለዚህ አርባው ሳይወጣ የምታለቅስን እናት አትመዝግቡብኝ። እሷ ሐዘንተኛ እንጂ በሽተኛ አይደለችም፤ መመሪያዎቹም ይህንኑ ነው የሚሉት። በአይሲዲ 11 ራሱን የቻለ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ስም አለ፤ እሱም ቢያንስ 6 ወር ካላለፈ አይሰጥም። ስለዚህ «መንፈቁ ወጥቷል?» ብላችሁ ብትጠይቋት ቀኑን ከማንም በላይ አስተካክላ ትነግራችኋለች።

ፈተና ለወደቀ ልጅ ግን ድንኳን የሚተክልለት የለም። ለተፋታችም የለም። እነሱ ናቸው ብቻቸውን ወደ እናንተ የሚመጡት።

ነገሩ የማያልቅበት ሰውም አለ። ከሐይቁ ዳር የሚመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ካርዱን ሳወጣለት ሁሌ «እንደምን ዋልሽ እቴ» ይለኛል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ጀምሮ ነው፤ መረቡ በአረም እየተያዘ፣ ታንኳው መውጫ እያጣ ስንት ወቅት አለፈው። እንቅልፍ የለውም። ልጆቹ ላይ ይጮሃል፣ ከዚያ ይጸጸታል። ለሱ 6 ወሩ ከመቼ ይቆጠር? ነገሩ መቼ አበቃና? መመሪያው ለዚህም መልስ አለው። የደረሰው ነገር እስካላበቃ ድረስ ሕመሙም ሊቆይ ይችላል፣ ስሙን አይለቅም። ግን ካርዱ ላይ «እምቦጭ፣ ሥራ ቆሟል» ተብሎ መጻፍ አለበት። ያለዚያ በ7ኛው ወር የሚያየው ሐኪም «ይህስ አልፎ ሌላ በሽታ ሆኗል» ብሎ ስሙን ይቀይርበታል።

የሚያስፈራኝን ሌላውን ጎንም ልናገር፣ ዝም ብል ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ይህን ስም ቀለል ያለ ነው ብለው እንደ ማባበያ የሚጠቀሙበት አሉ። «ድባቴ ከምንላት ይሄ ይሻላታል፣ ስሟ አይጥፋ» በሚል። አይሆንም። በዚህ ስም ያሉ ሰዎችም ራሳቸውን ለመጉዳት ያስባሉ፣ ይሞክራሉም። እንዲያውም ነገሩ ድንገት ስለሚመጣ ሰው ሳያስበው ይደርሳል። በእኛ አገር «ምነው በሞትኩ» የቡና ወሬ ሆኖ ጆሯችን ለምዶታል። እናንተ ግን ጠይቁ፤ መጠየቃችሁንም ጻፉ። ስትጠይቁ ደግሞ አስታማሚውን ለ5 ደቂቃ ወደ ውጭ አስወጡልኝ። የእህቴ ልጅ በተጠየቀች ጊዜ እናቷና አጎቷ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር። እናቷ ፊት ምን ልትል ትችላለች?

ወረፋውን አውቃለሁ። ካርዱን ቆጥሬ የማስገባላችሁ እኔው ነኝ፤ ከሰዓት በፊት ስንት ሰው እንደምታዩ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ለእህቴ ልጅ ቢጻፍ ኖሮ የምመኘውን ልጻፍላችሁ፦

«18 ዓመት፣ ሴት። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ (ጥር 2015) በኋላ በ1 ሳምንት ውስጥ የጀመረ እንቅልፍ ማጣትና ለቅሶ። ሐሳቧ ከውጤቱ አይላቀቅም። ከቤት አትወጣም፣ ጓደኞቿን አታገኝም። ከዚያ በፊት ደህና ነበረች። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ብቻዋን ተጠይቃለች፣ የለም። በ1 ወር ትታያለች።»

ሰዓት ይዤ ጻፍኩት። 2 ደቂቃ አልሞላም። ከዚህ በኋላ የፈለጋችሁትን ስም ስጡት፣ ድባቴም በሉት። ቀጥሎ የሚያያት ሐኪም ለራሱ ማመዛዘን ይችላል። አይሲዲ 10 ራሱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የምልክቱን ዓይነትና ክብደት፣ የሰውዬውን የቀድሞ ታሪክና ጠባይ፣ የደረሰበትን ነገር። ያ ነገር ባይደርስ ኖሮ ሕመሙ አይመጣም ነበር የሚያሰኝ ጠንካራ ምክንያት መኖር አለበት ይላል። ምክንያቱ ካልተጻፈ ጠንካራ ይሁን ደካማ ማን ያውቃል?

ከቢሮው የምጠይቀው ደግሞ መዝገቡን ነው። የበሽታው ስም የሚጻፍባት ዓምድ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትሰፋም። ከጎኗ አንዲት ጠባብ ዓምድ ትጨመር፣ «የደረሰበት ነገር» የምትል። በሚቀጥለው ኅትመት ላይ መስመር ማስመር ነው። እስከዚያው እኔ በማስመሪያና በእስክሪብቶ በራሴ መዝገብ ላይ አስምሬያለሁ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ለዚህ ስም የቀጠሮ ቀን ግዴታ ይሁን። ጊዜ ያለው በሽታ ስለሆነ በጊዜው ተመልሶ መታየትና ስሙ መነሳት ወይም መቀየር አለበት። ከዘጌና ከደሴቶቹ በጀልባ ለሚመጡት ቀጠሮው ከገበያ ቀናቸው ጋር ቢገጥም ይመጣሉ፤ ካልገጠመ አይመጡም፤ ይህንንም ከመስኮቴ ያየሁት ነው።

የእህቴ ልጅ ካርድ ላይ ያለውን እኔ መንካት አልችልም። የተጻፈ አይጠፋም። የሚታረም ከሆነ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የሥሩ ጽሑፍ እየተነበበ፣ ቀንና ፊርማ ተደርጎበት ነው፤ ያውም በሐኪሙ እጅ። ባለፈው ሳምንት ይህን ሳስረዳት እያጠፋሁላት መስሏት እንደሆነ ብዬ «ላይሰረዝልሽ ይችላል» አልኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰያዋን አላቆመችም።

«እንዲሰረዝ አይደለም አክስቴ። ምን ሆኜ እንደነበር ይጻፍበት።»

ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አላት። አብሬያት እገባለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከካርድ ክፍል፣ ባሕር ዳር